በቁርጥ የተሸጠ ሳቅ

እነዋሪ፦ በሞረትና ጅሩ ወረዳ የእርሻው ወራት ሲያልፍ በሬው ከቀንበር ወርዶ ወደ ድለባ ይገባል። በመረሬው መሬት ላይ የበቀለውን ገለባና ጓያ እየበላ ይከርምና ለበዓል ገበያ «የጅሩ ሰንጋ» ተብሎ ይወጣል። ስሙን የአዲስ አበባ የከብት ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው ግን እነዋሪ ላይ በቁርጥ ይሸጣል (ቁርጥ ስንል ሥጋውን አይደለም)፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ በሬው አዲስ አበባ ስንት እንዳወጣ ጉዳዩ አይደለም። ልዩነቱ የነጋዴው ነው፤ መንገድ ላይ የሚከሳው፣ የሚታመመውና ገበያው ቀዝቅዞ የሚከስረውም እንዲሁ።

በቁርጥ የሚሸጠው በሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን እዚሁ በተውነው። ሳቅም በቁርጥ ተሸጦ ያውቃል። በታሪክ ከታወቁት የሳቅ ሽያጮች አንዱ የተፈጸመው በደቡባዊ አፍሪካ ሲሆን፣ ሸቀጡም «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ» የተባለው ፊልም ነው። በአማርኛ «አማልክቱ ሳያብዱ አልቀሩም» እንደማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ ዩስ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ይህ ፊልም ታሪኩ ቀላል ነው። ከአውሮፕላን የተወረወረ ባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ በካላሃሪ በረሃ ከሚኖሩ የሳን ቤተሰቦች መካከል ይወድቃል። አንድ ብቻ በመሆኑ ያጣላቸዋል፤ እጥረት ዋጋን እንደሚፈጥር በዚህን ያህል አጭር ጊዜ ያስረዳ የኢኮኖሚክስ መምህር አልገጠመንም። አንዱ አባወራ ጠርሙሱን ከዓለም ጫፍ ሊጥለው ይነሳል። በሌላ በኩል ሴት ፊት ሲቀርብ እጅና እግሩ የሚተሳሰርበት ተመራማሪ አለ። ፍሬን የሌለው፣ ከጠፋም መልሶ የማይነሳ ላንድሮቨር ይነዳል፤ በር ለመክፈት ሲወርድ መኪናው ትቶት ይሄዳል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ በራሱ መጎተቻ ገመድ ዛፍ ላይ ይሰቀላል።

የገበያው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። መውደቅና መንከባለል ተርጓሚ አይፈልግም። ቃል ሳይሰማ የሚስቅ ተመልካች የሚገኝበት ፊልም የትርጉም ወጪ ሳያስጨንቀው ድንበር ይሻገራል። ደጋግመው የሚያዩት፣ ትዕይንቱን በቃል የሚያወርዱት ወዳጆች ያፈራውም በዚሁ ነው። ይህ ጸሐፊም ያየው ከእጅ ወደ እጅ በተቀዳ ቅጂ ነበር፤ ለባለመብቱ ሳንቲም አልከፈለም።

ፊልሙ አምስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 በትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ አከፋፋይነት አሜሪካ ሲገባ በዚያ ገበያ ብቻ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። ዓለም ፊቱን ያወቀው መሪ ተዋናይ፣ የናሚቢያው ሳን ንካው፣ ለመጀመሪያው ፊልም የተከፈለው ግን ከጥቂት መቶ ዶላር እንደማይበልጥ ነው የተዘገበው። ዩስ ኋላ ላይ ከብትና የወር ገንዘብ እንደሰጡት ተናግረዋል። የመጀመሪያዋን ኖት ነፋስ ወሰዳት፣ እርሱም ዋጋዋን ስለማያውቅ ዝም ብሎ አያት የሚል ወሬም አለ።

ወሬው ያስቃል፤ ነገር ግን ለማን እንደሚጠቅም ልብ ይሏል። ፊልሙ ሳኖችን ገንዘብ አይተው የማያውቁ አድርጎ ሲያቀርብ፣ በዚያው ዘመን በናሚቢያዋ ቹምክዌ ሰፍረው የነበሩት ብዙዎቹ በደመወዝና በራሽን ይኖሩ ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ ጦር የተቀጠሩም ነበሩባቸው። ሻጩ ገንዘብ አያውቅም ተብሎ በተወራበት ገበያ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው።

ለገዢው ወገንም መናገር ተገቢ ነው። አምስት ሚሊዮኑ ቢሰምጥ ንካው ከኪሱ አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም ነበር። ቁርጥ ማለት ሥጋቱን ለሌላ ሸጦ መተኛት ነው፤ የእነዋሪ ገበሬም የሚመርጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ልዩነቱ ገበሬው ዛሬ በእጅ ስልኩ አዲስ አበባ ደውሎ ዋጋ ጠይቆ መደራደሩ ነው። ንካው የሚደውልለት ሰው አልነበረውም።

በእኛም አገር በካሴት ዘመን ድምፃውያን ሥራቸውን ለሙዚቃ ቤት በቁርጥ ሸጠው፣ ዘፈኑ በየሻይ ቤቱ ሲጮህ ከዳር ሆነው ሰምተዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኞችን መብት በሕግ አሰፈረ፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፈተ። ሕጉ ግን የመነሻ ዋጋ አይቆርጥም፤ ውሉ ላይ ሲፈረም ምን እንደተሸጠ የማወቁ ዕዳ የሻጩ ነው።

ንካው ይህን የተማረው ያለ አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለወጣው ሁለተኛው ፊልም ሲጠየቅ በፊት በተከፈለው አልተስማማም፤ ድርድሩ ላይ ያነሳው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። አግኝቶም ለቤተሰቡ ውኃና መብራት ያለው የጡብ ቤት ሠራ። ከዚያም ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄዶ ሌሎች ፊልሞች ላይ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሞት፣ የመጀመሪያው ፊልም አሁንም እየተቀዳ፣ እየተሸጠ ነበር።