ዓይንን ከገዛ ዘቡ የሚያስጥሉ መድኃኒቶች

ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል አንዳንዴ ወዳጅና ጠላቱን መለየት ይሳነውና በገዛ አካሉ ላይ ይዘምታል። ዘመቻው ዓይን ላይ ሲያርፍ ዩቪያ የተባለው፣ ደም ሥር የበዛበት የዓይን መካከለኛ ሽፋን ይቆጣል። ዩቪያይተስ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። ዓይን ሊቀላ፣ ብርሃን ሊያስቸግር፣ እይታ ሊደበዝዝ ይችላል። ሳይታከም ከቆየ እስከ ማሳወር ይደርሳል።

ቁጣውን ፈጥኖ የሚያበርደው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ነው። ሆኖም ለወራት ሲወሰድ የዓይን ሞራና ግላኮማ ያስከትላል፤ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንትንም ያሳሳል። ሕመሙ ሥር ሲሰድ ሐኪሞች ስቴሮይዱን ለመቀነስ የሚያስችል ሌላ መድኃኒት የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ በብዛት የሚታዘዙት ሁለት ናቸው። ሜቶትሬክሴት መነሻው የካንሰር ሕክምና ነው፤ ርካሽ ነው፤ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ነው። ማይኮፌኖሌት ኩላሊት የተተከለላቸውን ሰዎች ለመርዳት የመጣ ሲሆን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ዋጋውም ይወደዳል።

የትኛው ይበልጣል? በሕንድ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በሜክሲኮ 216 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱን በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። መለኪያው በስድስት ወር ውስጥ ቁጣው በርዶ ስቴሮይዱ በቀን ከ7.5 ሚሊግራም አለመብለጡ ነበር። ሜቶትሬክሴት ከወሰዱት 66.7 በመቶ፣ ማይኮፌኖሌት ከወሰዱት 57.1 በመቶ ተሳካላቸው። ልዩነቱ አንዱን አሸናፊ ለማለት አይበቃም። ውዱ መድኃኒት ግን ከርካሹ እንደሚበልጥ አላሳየም።

ሁለቱም ካልሠሩ በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋው አዳሊሙማብ አለ። እሱ ተኝቶ የቆየን ቲቢ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው፤ ቲቢ ባልጠፋባት ኢትዮጵያ ደግሞ ይበልጡን።

ሜቶትሬክሴት የታዘዘለት ሰው ቀኑን ይለይ፤ የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ያሳጣል። ሜቶትሬክሴትም ሆነ ማይኮፌኖሌት ፅንስን ይጎዳሉ፤ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ሳትጀምር ለሐኪሟ ትንገር። የደምና የጉበት ምርመራው አይዘለል፤ ዓይኔ ተሻለኝ ብሎም ማንም መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ።