ባራቲዬሪ ከሳውሪያ ባይወጣ ኖሮ፦ ውሳኔና ስንቅ በዓድዋ ጦርነት

«እንዲህ ባይሆን ኖሮ» ብሎ መጠየቅ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ከንቱ ጨዋታ ይቆጠራል። ጥያቄው ዋጋ የሚኖረው አማራጩ በዘመኑ በውሳኔ ሰጪዎቹ ፊት በእርግጥ ቀርቦ ከነበረ ነው። ዓድዋ ይህን መስፈርት ያሟላል፤ ጄኔራል ባራቲዬሪ የማፈግፈግን ሐሳብ ራሱ አንሥቶ ከአዛዦቹ ጋር መክሮበታልና።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. ወደ 17,700 ተዋጊና 56 መድፍ የያዘው የኢጣሊያ ጦር ሳውሪያ ላይ መሽጎ ነበር። መቶ ሺህ ገደማ እንደሚሆን የሚገመተው የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ደግሞ በዓድዋ ዙሪያ ሰፍሯል። ሁለቱንም ወገኖች ያስጨነቀው ስንቅ ነው። ከክፉ ቀን ገና ያላገገመው የትግራይ ገበሬ ያን ያህል ሠራዊት ለረጅም ጊዜ ሊቀልብ አይችልም። የኢጣሊያኖችም ስንቅ ለጥቂት ቀናት እንጂ አይበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምሽጉን ለመስበር አልተቻኮሉም። መቀሌ ላይ በምሽግ ላይ የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው አስጨርሶ፣ ምሽጉ የተለቀቀው ውሃው ከተያዘ በኋላ ነበርና፣ ይህ ልምድ በውሳኔያቸው ላይ ሳያርፍ አልቀረም። በተለመደው ትረካ የውጊያው ቀን ጀግንነት ጎልቶ ይህ የመጠበቅ ውሳኔ ይዘነጋል፤ ዘንግቶ ማለፉ ግን ድሉን ከግማሽ በላይ ሳይገልጹ መተው ነው።

የካቲት 21 ቀን ባራቲዬሪ ማፈግፈግን ለብርጌድ አዛዦቹ ሲያቀርብ አሪሞንዲ፣ አልቤርቶኔ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና ተቃወሙ። ከሦስት ቀን በፊት ከጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የደረሰው የወቀሳ ቴሌግራምም ይጫነው ነበር። ጦሩ በየካቲት 22 ሌሊት ወጣ። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ በካርታው ላይ በተሳሳተ ቦታ ተመልክቶ ስለነበር አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ገሰገሰ፤ ንጋት ላይ ብቻውን ተገኘ። የተለያዩት ብርጌዶችም በየተራ ተመቱ።

ባራቲዬሪ አፈግፍጎ ቢሆን ኖሮስ? ስንቅ ያጠረው የምኒልክ ሠራዊት ሳይዋጋ መበተኑ የሚቀር አይመስልም። ባራቲዬሪን እንዲተካ በምስጢር የተሾመው ባልዲሴራም ያልተሰበረ ጦር ይረከብ ነበር። በዚያ ሁኔታ የውጫሌ ውል ክርክር በድርድር ሊጓተት ይችል ነበር እንጂ በአንድ ቀን አይቋጭም። ሆኖም አንድ ውሳኔ የጦርነቱን ፍጻሜ ለብቻው ወስኗል ማለት ያዳግታል፤ የባራቲዬሪ ስሕተት ጥቅም ላይ ሊውል የቻለው ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ሠራዊት ስንቁ እየመነመነም ሳይበተን ስለቆየ ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በአሸናፊው ወገንም ይነሣል። ምኒልክ ከድሉ በኋላ መረብን አልተሻገሩም። የደከመና የተራበ ሠራዊት ይዞ ወደ ኤርትራ መግፋት፣ ከኢጣሊያ የሚመጣውን አዲስ ጦር መጋፈጥ ነበር፤ በወታደራዊ ሚዛን ውሳኔው የሚያስነቅፍ አይደለም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነጻነት ሲያረጋግጥ፣ ኤርትራ በኢጣሊያ እጅ ቀረች።