28 ቀን ወር አይደለም

ካምፓላ፣ ሙላጎ ኮረብታ ላይ ወዳለው የኡጋንዳ የልብ ሕክምና ተቋም ከገጠር የሚመጡ ልጆች አሉ። «ቶንሲል ነው፣ ይተዋቸዋል» የተባለ የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰ የልባቸውን ቫልቭ ያበላሸባቸው ናቸው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል።

መከላከያው አሮጌና ርካሽ ነው፤ በየ28 ቀኑ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ሕመሙ ገና ሲጀምር የተገኘባቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። መርፌውን ከወሰዱት የባሰባቸው 3፣ ካልወሰዱት ግን 33 ነበሩ። እንግዲህ ዋናው ነገር ቀኑን አለመርሳት ነው። ለዚህ ደግሞ ከአጭር የስልክ መልእክት የተሻለ አላውቅም። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል።

ሰው ሁሉ «የወር መርፌ» ሲል እቆጣለሁ። 28 ቀን ወር አይደለም! በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የምትመላለስ እናት ልጇን በዓመት 12 ጊዜ ታስወጋለች፤ መርፌው ግን 13 ነው። በእኛ በ30 ቀን ወር ቢቆጠር እንኳ በየዙሩ ሁለት ቀን ያልፋል። መድኃኒቱ በአራተኛው ሳምንት ከደም ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ልጁ በእነዚያ ቀናት መከታው ይቀንሳል። ደግነቱ 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ነው፤ ማክሰኞ የተጀመረ ሁልጊዜ ማክሰኞ ይውላል። ገበሬ ደግሞ ቀን የሚቆጥረው በገበያ ነው። ስለዚህ መልእክቱ «14ኛው ቀን» ከሚል «የፊታችን ማክሰኞ» ይበል።

የበሽታው ስም አይጻፍ፤ የገጠር ስልክ የቤተሰብ ሁሉ ነው። ምክርም አይደርደርበት። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ሲም ካርድ ቀይራችሁ ለጤና ጣቢያው የማትናገሩ ደግሞ፣ መልእክቱ የማን እጅ እንደሚገባ አስቡ።

መርፌው ከሌለ መጥራቱ ምን ይሠራል? ኡጋንዳ ለዚህም አጭር መልእክትን ተጠቅማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች «ኤምትራክ» በተባለው ዘዴ የበሽታ ቁጥርና የመድኃኒት ክምችት ለጤና ሚኒስቴር በስልክ ሲልኩ ቆይተዋል።

እኛ ሐበሾች በምንበዛበት የካምፓላ ሰፈር፣ ካባላጋላ፣ ማሳካ ገጠር ታናሽ ወንድም ያላት ጎረቤት አለችኝ። በየአራት ሳምንቱ ሰኞ ማታ በሉጋንዳ አንድ ቃል ትልክለታለች፦ «ልዋኩቢሪ»፤ ማክሰኞ። እሱም ከተወጋ በኋላ «እሺ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እስኪደርስ ስልኳን ከእጇ አታወርድም።