የጎረቤት ቆጣሪ፦ ቤትን ከቤት የማነጻጸር ሃምሳ ዓመታት

በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ወረቀቱን ያውቁታል። ከመብራት ድርጅቱ በፖስታ ወይም በኢሜይል ይመጣል፤ ቢል ግን አይደለም። ሦስት አግድም መስመሮች አሉበት። አንዱ የእርስዎን ቤት ፍጆታ ያሳያል፣ ሁለተኛው በአካባቢው ያሉ መቶ የሚሆኑ ተመሳሳይ ቤቶችን አማካይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእነዚያ ውስጥ ይበልጥ ቆጣቢ የሆኑትን 20 በመቶ። ከጎኑም ፍርዱ ይቀመጣል፦ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ ወይም «ከጎረቤቶችዎ በላይ ተጠቅመዋል»። ይህች ገጽ ኃይል እንደምታስቆጥብ በማያሻማ መንገድ ተረጋግጧል። ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ሳታውቅ ትፈርዳለች፤ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር።

ታሪኩ ወደ ነዳጅ ቀውሱ ዘመን ይመልሰናል። በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ጀርሲ፣ ትዊን ሪቨርስ በሚባል የመኖሪያ መንደር የቤቶችን የኃይል አጠቃቀም ለዓመታት ተከታተሉ። መንደሩ ለጥናት የተመቸው ቤቶቹ በአንድ ንድፍ የተሠሩ በመሆናቸው ነበር። ግድግዳው አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ማሞቂያው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ቤት ከሌላው እጥፍ ሲፈጅ ተገኘ። ነዋሪው ለቅቆ ሌላ ሰው ሲገባ ደግሞ የዚያው ቤት ፍጆታ ተለወጠ። በዚያው መንደር በተደረገ አንድ ሙከራ፣ ምን ያህል እንደተጠቀሙ በየጊዜው በወጥ ቤታቸው መስኮት የተለጠፈላቸው ቤተሰቦች ከሌሎቹ 10 በመቶ ያህል ቀነሱ። ያኔ ገና ሰው ከጎረቤቱ ጋር አልተነጻጸረም፤ የራሱን ቁጥር ብቻ ነበር የሚያየው።

ጎረቤት ወደ ሒሳቡ የገባው በካሊፎርኒያ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ዌስሊ ሹልዝና ሮበርት ሲያልዲኒ በሳን ማርኮስ ከተማ በየበሩ እጀታ ላይ መልእክት አንጠለጠሉ። አንዳንዱ ገንዘብ ይቆጥባሉ ይላል፣ አንዳንዱ አካባቢን ይጠብቃሉ፣ ሌላው ጎረቤቶችዎ በኤሲ ፈንታ ቬንትሌተር እየተጠቀሙ ነው። ሰዎች ሲጠየቁ የጎረቤት ነገር ከሁሉ ያነሰ እንደሚገፋፋቸው ተናግረው ነበር፤ ቆጣሪው ሲነበብ ግን የበለጠ ያስቆጠበው እሱ ሆኖ ተገኘ። በ2007 በታተመውና 290 ያህል ቤቶችን ባካተተው ጥናታቸው ላይ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ከአማካዩ በላይ ይጠቀሙ የነበሩት ሲቀንሱ፣ በታች የነበሩት ጨመሩ፤ ጎረቤት ይህን ያህል ከተጠቀመ እኛስ ምን ያስጨንቀናል እንደማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆነ። ከቁጥሩ ጎን የፈገግታ ምልክት ሲሳልላቸው ቆጣቢዎቹ በቁጠባቸው ጸኑ።

በዚያው በ2007 ዳን ዬትስና አሌክስ ላስኪ ይህን ሐሳብ ይዘው በኋላ ኦፓወር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ2008 የሳክራሜንቶ የመብራት ድርጅት 35,000 ደንበኞቹን በዕጣ መርጦ ሪፖርቱን መላክ ጀመረ፤ 2 በመቶ ያህል ቁጠባም ተገኘ። መጀመሪያ ብዙ ለሚጠቀሙት የተኮሳተረ ፊት ይሳል ነበር፤ ደንበኞች ቅር ሲሰኙ ግን ተነሣ። እኔ በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ፤ ሰው ቤቱ ድረስ በሚመጣ ወረቀት ሊገሠጽ አይገባም። ኩባንያው መቀመጫውን ካደረገበት ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ በመነሣት በየግዛቱ ተስፋፋ። በ2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ ጎበኙት፤ በ2016 ኦራክል በ532 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የመፈተሽ ዓመታት ነበሩ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሀንት ኦልኮት በ2011 የ600,000 ቤተሰቦችን መረጃ መርምሮ አማካይ ቁጠባው 2 በመቶ መሆኑን አሳየ፤ ዋጋውን ከ11 እስከ 20 በመቶ ለአጭር ጊዜ መጨመር ከሚያስገኘው ውጤት ጋር የሚስተካከል ነው። ከሁሉ የበለጠ ይጠቀሙ የነበሩት 6.3 በመቶ ሲቀንሱ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቀሙት የቀነሱት 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። የኋለኞቹ ከዚህ በላይ ምን ይቀንሱ? ኦልኮት በ2015 ደግሞ 111 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ውጤት ለኋለኞቹ መለኪያ እንደማይሆን አስጠነቀቀ፤ ቀድመው የጀመሩት ለአካባቢ ጉዳይ ቅርብ የሆኑ ነዋሪዎች የበዙባቸው ነበሩና። ቀድሞውንም የቤት ፍጆታ ዝቅተኛ በሆነባት ጀርመን የተገኘው ቁጠባ 0.7 በመቶ ገደማ ነበር። ወረቀቱ ሁለት ዓመት መጥቶ ሲቋረጥም ልማዱ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ በየዓመቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ እየሳሳ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሜሪላንዱ ወረቀት ልመለስ። «ተመሳሳይ ቤት» የሚባለው በአብዛኛው በስፋቱ፣ በማሞቂያው ዓይነትና በቅርበቱ ነው። አንድ የአበሻ ቤት እንውሰድ። ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ አራስ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጥተው የከረሙ እናት፣ ሥራ እስኪያገኝ ምድር ቤት ያረፈ ወንድም። እናት ቀኑን ሙሉ ቤት ስለሚውሉ ማሞቂያው አይጠፋም። ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይሰካና ለሁለት ለሦስት ቤት የሚበቃ እንጀራ ይጋገራል። ያንኑ የሚያህለው የጎረቤት ቤት ግን ሁለት ሰው የሚኖርበት፣ ቀን ቀን ዝግ ነው። በነፍስ ወከፍ ቢሰላ ሰባት ሰው የያዘው ቤት ቆጣቢው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የሚነግረው ግን ተቃራኒውን ነው። አንዳንድ ድርጅቶች የነዋሪውን ብዛት በድረ ገጻቸው መሙላት ይፈቅዳሉ፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በጥግ የተቀመጠን ቅጽ ግን እኚያ እናት ቀርቶ ልጃቸውም አያገኘው። ትዊን ሪቨርስ ከሃምሳ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ አልነበረም? ግድግዳ አንድ ስለሆነ ቤት አንድ አይሆንም። ጥያቄው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ በነዋሪው ቋንቋ መምጣት አለበት።

ሐሳቡ ወደ እኛም አገር ቢሻገር የቅርብ አርአያ የሚሆነው ሳክራሜንቶ ሳይሆን ሕንድ ነው። በዚያ በአፓርታማዎች በተደረገ ሙከራ፣ በየሳምንቱ ከጎረቤት ጋር የሚያነጻጽር ሪፖርት የደረሳቸው ቤቶች በበጋ ፍጆታቸውን 7 በመቶ ቀንሰዋል፤ የገንዘብ ማበረታቻ ሲጨመርበት ግን ውጤቱ ጠፋ። ካርድ እየሞላ መብራት ለሚጠቀም የአዲስ አበባ ነዋሪም እንዲህ ያለ ሪፖርት ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀምና ሒሳቡ በአምፖልና በምጣድ ግምት ሲካፈል፣ የማንን ቤት ከማን ጋር ማነጻጸር ይቻላል? እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ ነው።