ጉልበት ሲደርስና ሲዘገይ

በምንለማመድበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ የጠመኔ ምልክቶች ተደራርበዋል። የመረብ ኳስ ሰልጣኞቼ ጣታቸውን ጠመኔ አስነክተው ከቆሙበት ሲዘሉ የደረሱበት ከፍታ ነው። አንዲት አጥቂ ሁለት ወር ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስትሠራ ከርማ፣ የምታነሳው ክብደት ከ40 ኪሎ ወደ 60 ኪሎ ባደገ ሳምንት ግድግዳው ሥር ቆመች። ዘለለች። አዲሱ ምልክት አሮጌው ላይ ዐረፈ። ደግማ ዘለለች፤ ያው ነው።

«ኮች፣ ጉልበቴ እንዲህ ጨምሮ ዝላዬ ምነው ቆመ?»

የሴቶች መረብ ከፍታ 2.24 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የምትገኝ እያንዳንዷ ጣት ለመምታትም ለብሎክም ትቆጠራለች። ስለዚህ «ታገሺ» ብዬ ላልፋት አልወደድሁም። አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ደቦ ነገርኋት።

ሰው ክብደት ማንሳት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ የሚለወጠው ጡንቻው ሳይሆን ጥሪው ነው። አንጎልና ነርቭ ቀድሞ ሥራ ያልነበራቸውን የጡንቻ ክሮች፣ በተለይም ፈጣኖቹን፣ በብዛትና በአንድነት መጥራት ይለምዳሉ። በመንደሩ ሰው አልተጨመረም፤ ለደቦ የሚወጣው ግን በዛ። ክሮቹ ራሳቸው ወፍረው ጭን ሲሞላ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ እሱም ምግብና እንቅልፍ ካልጎደለ።

ደቦ ግን በሰዓቱ ካልደረሰ ምን ይረባል? ልጅቷ 60 ኪሎ ተሸክማ ስትነሳ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ አላት። ተንደርድራ ለመምታት ስትዘል ግን እግሯ መሬቱን የሚገፋው ለሰከንድ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ጡንቻ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። ሰዎቹ ሲደርሱ አጨዳው አልቋል።

በፍጥነት መድረስን የሚያስተምረው ሌላ ልምምድ ነው። ከዝቅተኛ ሳጥን ወርዶ መሬት እንደነኩ መልሶ መዝለል፣ ቀለል ያለ ክብደት ይዞ በሙሉ ፍጥነት መነሳት፣ ከባድ ኳስ ወደ ላይ መወርወር። ከሳጥን ወርዶ የመዝለሉን ስልት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው የሶቪየቱ አሰልጣኝ ዩሪ ቬርሆሻንስኪ ነው። ምስጢሩ በጅማት ውስጥ ነው። ስንወርድ የባትና የጭን ጡንቻ ከጅማቱ ጋር ተለጥጦ ጉልበት ያቁራል፤ ወዲያው ከተነሳን ያንኑ ይመልስልናል፤ ታች ቆይተን ከተነሳን ግን ያቆረው ባክኖ ይቀራል። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግሯ እየዘለለች ያደገች ልጅ ይህን እግሯ ያውቀዋል።

ይህ ማለት ግን ክብደቱን እንጣለው ማለት አይደለም። የዝላይ አቅም የኃይልና የፍጥነት ብዜት ነው። እግሩ ደካማ ለሆነ ጀማሪ ስኳት ብቻውን ዝላዩን ከፍ ሊያደርግለት ይችላል፤ የጠነከረው ደግሞ ያለውን ቶሎ መስጠት መማር አለበት። እኔም ፕሮግራሙን ለወጥሁ። ክብደቱን በሳምንት ሁለት ቀን አቆየሁት፤ ዝላዩን ግን ሰውነት እንደተሟሟቀ፣ እግር ሳይደክም፣ በጥቂት ድግግሞሽና በረጅም ዕረፍት አደረግሁት። ቀደም ሲል ዝላይን በልምምድ ማብቂያ፣ እግር ከዛለ በኋላ አሠራ ነበር። ያ ስሕተት ነበር፤ የደከመ እግር የሚለምደው ቀስ ብሎ መዝለልን ነው።

ከሁሉ በፊት የማስተምረው ግን ማረፍን ነው። ከዝላይ ሲወርዱ እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት እጥፍ ድርብ ይሆናል። ጉልበት ወደ ውስጥ ከታጠፈ የመሃል ጅማቱ ለመበጠስ ይጋለጣል፤ ይህ አደጋ ደግሞ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ይበዛል። ስለዚህ ሲያርፉ ጉልበታቸውን ከእግር ጣታቸው አቅጣጫ እንዳያወጡ አያለሁ፤ ጆሮዬም ወለሉ ላይ ነው። «ጧ» የሚል እግር ገና አልተዘጋጀም።

ያቺ አጥቂ ከሁለት ወር በኋላ ሁለት ጣት የሚሆን ከፍታ ጨመረች። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ግን ስትወርድ ድምፅ አለማሰማቷ ነው። በቋንቋችን ብርታቱም መገጣጠሚያውም ጉልበት ይባላል። አንዱን የሚያሳድግ አሰልጣኝ ሌላውን የመጠበቅ ዕዳ አለበት።