መካኒክ ከጋራዥ ሲወጣ

በመካነ ኢየሱስና በአካባቢው መካኒክን ከሙያው የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ ክብደት አይደለም። ሞተር ማውረድም ሆነ ባሌስትራ መቀየር ወገብ ይሰብራል፤ የዚህ ዓይነቱ ድካም ግን ሲያድር ይወጣል። ሲያድር የማይወጣው ዕቃ ከመጠበቅ፣ ዱቤ ከመለመንና ሲመሽ ከማያልቅ ሥራ የሚመጣው ነው። ሙያ ለመቀየር ያሰበ ሰው ከእነዚህ የትኛው እንዳንገሸገሸው ለይቶ ካላወቀ፣ ቱታውን አውልቆ ያንኑ ችግር በሌላ ልብስ ይገናኘዋል።

መካነ ኢየሱስ ያለችበት እስቴ ከጉና ተራራ በስተደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ተሽከርካሪው በአንድ ቀን ደጋውንም ቆላውንም ይነካል። ዳገቱ ፍሪሲዮን ያቃጥላል፤ ቁልቁለቱ የፍሬን ሸራ ይጨርሳል፤ ጠጠሩ ባሌስትራ ይሰብራል፤ አቧራው የአየር ማጣሪያ ይደፍናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ «መኪናው አልጎትት አለ» የሚለው አቤቱታ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። መካኒኩ ግን እንደ ብልሽት ይጠየቅበታል፤ ተራራውን መጠገን አይችልም።

ከተማው ውስጥ የሌለ የአይሱዙ ወይም የሚኒባስ ዕቃ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ይታዘዛል። የሚመጣውም በሾፌር እጅ ነው፤ አንዳንዴ ትክክለኛው፣ አንዳንዴ ተመሳሳዩ፣ አንዳንዴም ፎርጂዱ ይደርሳል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የተፈታ ሞተር ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ይከርማል። ባለንብረቱ ገቢው ቆሟል፤ መካኒኩ የእጅ ዋጋውን አልተቀበለም፤ ሌላ መኪና የሚገባበት ቦታም ተይዟል። በዚህ ላይ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ስለጣለ፣ አሮጌ መኪና የሚጥል ሰው የለም። የመኪናው ዕድሜ በጨመረ መጠን የሚሰበረው ነገር ይበዛል፤ ባለቤቱ ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ ግን አብሮ አያድግም። ልዩነቱን የሚሸፍነው የመካኒኩ ትዕግሥት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የሥራ ዝለትን እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አስፍሮታል። መገለጫዎቹም የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን ማማረር፣ እና ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ይህ በቀላሉ ይታያል፤ በተለይ አመራመር ላይ። አንድ አይሱዙ ዳገት ላይ ውሃ ያፈላል እንበል። ያልዛለ መካኒክ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ያስነሳዋል፤ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከፈላ የቃጠሎ ጋዝ በቴስታታው በኩል ወደ ውሃው እየገባ መሆኑን ይጠረጥራል። አረፋ ከሌለ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን በተራ ያያል። የዛለው ግን ሳይከፍት «ራዲያተር ቀይር» ይላል። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ የመጠየቅ ፍላጎቱ ነው የጠፋው። ተለማማጁ ላይ መጮህ፣ ስልክ አለማንሳት፣ ብሎን በእጅ አጥብቆ መተው ከዚያ ይከተላሉ። ፍሬን ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ የአንድ ሰው ምሬት መሆኑ ቀርቶ የተሳፋሪ ሕይወት ይሆናል።

ሰውነቱም የራሱን ሒሳብ ያስከፍላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በቤንዚን ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የተባለው ኬሚካልም በዚያው ምድብ ነው። እጅን በቤንዚን መታጠብ ግን እስከ ዛሬ የጋራዥ ወግ ነው። ከመኪና ሥር በካርቶን ላይ በጀርባ መተኛት፣ የፍሬን አቧራ በአፍ እፍ ማለት፣ ያለ መነጽር መበየድ፣ ዋና ጉዳታቸው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። የጀርባ ሕመም ይዞት የሚወጣ መካኒክ ሙያ ቀየረ አይባልም፤ ተገፋ ነው የሚባለው። ሁለቱ መለየት አለባቸው፤ የተገፋ ሰው ለዝግጅት ጊዜ አያገኝምና።

መውጫው ወዴት ነው? ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ሾፌርነትን ነው። ይህ ደካማ ምርጫ ነው፤ መንገዱ ያው፣ ዕቃው ያው፣ ብልሽቱም ያው፣ የሚቀየረው የመሪው ወገን ብቻ ነው። የመለዋወጫ ሱቅ የተሻለ ይመስላል፣ ለብዙዎችም ነው፤ መካኒክ የነበረ ነጋዴ ገዢው ያልጠየቀውን የሚስማማ ዕቃ ያውቃል። ነገር ግን ያደከመው ዱቤ የነበረ ሰው እዚያም የሚጠብቀው ዱቤ ነው፤ ያውም በራሱ ካፒታል።

ጎላ ብሎ የማይታየው መውጫ የሞተር ዕውቀት ተፈልጎ መኪና የሌለበት ነው። የወፍጮ ቤት ናፍጣ ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የጤና ጣቢያና የባንክ ጄኔሬተር፣ የእህል መውቂያ፣ ሁሉም በዚያው አመራመር ይጠገናሉ። ጄኔሬተር ዳገት አይወጣም፣ መንገደኛም ጭኖ አይጣደፍም፤ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ተቋም ስለሆነ ሥራው በውል ይያዛል፤ ክፍያው ቢዘገይም ሰነድ አለው። የፓምፕ ሥራ በበጋ፣ የመውቂያ ሥራ በመኸር ስለሚበዛ ቀኑ ባያጥርም ዓመቱ ማረፊያ ያገኛል። ብየዳም እንዲሁ ራሱን የቻለ ገበያ አለው፤ በር፣ መስኮትና የጣሪያ ብረት ዕቃ ከባሕር ዳር እስኪመጣ አያስጠብቅም።

ዕውቀት ከአንድ ብረት ወደ ሌላ ብረት መሻገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ የእጅ ሙያ ነበራቸው እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ሆኖም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሠሩ፤ በ1860 በጨጨሆ በኩል ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። የእነሱ የሙያ ለውጥ በንጉሥ ትእዛዝ ስለነበር ለአርአያነት አይመችም፤ የሚያሳየው ግን ክህሎት ዕቃውን ሲቀይር እንደማይጠፋ ነው።

ማሠልጠን ሌላው በር ነው። እዚህ ላይ የሚያደናቅፈው ወረቀት ነው። በልምድ የተማረ መካኒክ መደበኛ ሥልጠና ባይወስድም ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል፤ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ናቸው። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በጽሑፍ ጥያቄው ሲወድቅ ማየት የተለመደ ነው፤ በእጁ የሚያውቀውን ነገር በመጽሐፍ ስሙ ስለማያውቀው ነው። ለዚህ የሚበጀው ከምዘናው በፊት ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ጋር ማስታወሻ ደብተሩን አብሮ ማንበብ ነው፤ ተማሪውም በምትኩ እጁን ይፈታል። ምዘናውን ማለፍ ብቻውን ግን አሠልጣኝ አያደርግም፤ የትምህርት ማስረጃም ይጠየቃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ብዙዎችን ያስፈራል። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታውቋል። ይህ የእስቴን መካኒክ በአንድ ጀንበር ሥራ አያስፈታም፤ ያሉት አይሱዙዎች ገና ብዙ ዳገት ይወጣሉ። የኤሌክትሪኩ መኪናም ፍሪሲዮንና የሞተር ዘይት ባይኖረውም ጎማ፣ ፍሬንና ከእግር በታች ያለው ብረት ሁሉ አለው። ሆኖም ወጣት ተለማማጅ ከሞተር ይልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ማንበብን ቢያስቀድም ነገ የሚወጣበት በር ይሰፋለታል።

በደመወዝ የሚሠራ መካኒክ ሕጉን ማወቅ ይጠቅመዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ሥራ መልቀቅ የፈለገ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አብዛኛው ተለማማጅ የጽሑፍ ውል ስለሌለው እነዚህ ድንጋጌዎች በወሬ ይቀራሉ፤ ቢያንስ የሠራበትን ጊዜ የሚገልጽ ማስረጃ ሳይዝ መውጣት የለበትም።

የራሱ ጋራዥ ያለው ደግሞ መዝጊያውን በቅደም ተከተል መሥራት አለበት። አዲስ መኪና መቀበል ያቆማል፤ የተፈታውን ገጥሞ ያስረክባል፤ የዱቤ ደብተሩን ከመዝጋቱ ብዙ ወራት በፊት ይሰበስባል፤ ጋራዡ ተዘጋ ከተባለ በኋላ የሚከፍል ጥቂት ነውና። ከመሣሪያው ክሪኩን፣ መበየጃውንና የቁልፍ ስብስቡን ለአዲሱ ሥራ ያስቀራል፤ ትልልቁን ለቀድሞ ተለማማጁ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። በመጨረሻ ግብሩን አጣርቶ ክሊራንስ ይወስዳል፤ የንግድ ፈቃዱንም ይመልሳል። ፈቃዱን ሳይመልስ በሩን ብቻ የዘጋ ሰው፣ በማይሠራበት ጋራዥ ስም ግብር ሲጠየቅ ይገኛል።