ናፍጣ የሚቆጥበው ማርሹ ነው

ደብል ጋቢና ይዞ ጋራዣችን የሚገባ ደንበኛ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሪማፕ ብታደርግልኝ ስንት ሊትር ይቀንስልኛል?» ናፍጣ በተወደደ ቁጥር ጠያቂው ይበዛል። እኔም የዕለት እንጀራዬ ከዚሁ ሥራ ስለሆነ «ብዙ» ብል ያዋጣኝ ነበር። ግን ቁጠባውን የሚፈልጉት በሌለበት ቦታ ነው።

ሪማፕ ማለት በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን ሰንጠረዦች መቀየር ነው። ሞተሩ በዚህ ዙር ሲሠራ፣ ፔዳሉም ይህን ያህል ሲረገጥ፣ ምን ያህል ናፍጣ ይረጭ፣ ቱርቦው ምን ያህል አየር ይመቅ የሚሉ ሰንጠረዦች ናቸው፤ እኛ ባንድ ላይ «ፋይል» እንላቸዋለን። አንድ ፒክአፕ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ፋይል ስለተቀየረለት አይቀንስም። አውቶማቲክ መኪና ላይ ቁጠባ ከተገኘ፣ የሚገኘው በአብዛኛው ከማርሹ ነው።

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚመጣ አውቶማቲክ ሀይሉክስን አስቡ። መንገዱ ዳገት አይመስልም እንጂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ቀስ እያለ ሽቅብ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ሲያንስ ሾፌሩ ፔዳሉን ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ይህን አይቶ የኮንቨርተሩን (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘውን ክፍል) ቁልፍ ይለቃል፣ ከ6ኛ ወደ 5ኛም ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲመለስ እንደገና 6ኛ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና 5ኛ። ኮንቨርተሩ ካልተቆለፈ ሞተሩ ከሚሰጠው ጉልበት የተወሰነው ዘይት በማሞቅ ይባክናል። ከ1,600 እስከ 2,200 ዙር ባለው ክልል ላይ ጉልበቱ በልኩ ከተጨመረ ግን ሾፌሩ ያን ያህል አይረግጥም፣ መኪናው 6ኛ ላይ ይቆያል፣ ኮንቨርተሩም እንደተቆለፈ ዳገቱን ይጨርሳል። የሚቆጠበው ናፍጣ ይኸው ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን እውነተኛ ነው። መገናኛ አደባባይ ላይ ሞተር አስነስቶ ተሰልፎ ለሚውል መኪና ግን ሪማፕ ምንም አይፈይድለትም።

ከሪማፕ በኋላ ማርሹ ለስልሶ እንዲገባ የሚያደርገውም፣ እንዲያንገጫግጭ የሚያደርገውም በአብዛኛው አንድ ቁጥር ነው። ሞተሩ «አሁን ይህን ያህል ጉልበት እየሰጠሁ ነው» የሚል መልእክት ለካምቢዮው መቆጣጠሪያ ያለማቋረጥ ይልካል። እሱም ፍሪሲዮኖቹን የሚጨብጥበትን የዘይት ግፊት የሚወስነው በዚያ ቁጥር ነው። ፋይል ቀያሪው ናፍጣውን ጨምሮ ይህን ቁጥር እንደ ድሮው ከተወው፣ ሞተሩ 500 ኒውተን ሜትር እየሰጠ ካምቢዮው 450 ነው የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ግፊቱ ያንሳል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደግሞ ማርሹ በጣም የለሰለሰ ስለሚመስል ባለቤቱ ደስ ብሎት ጓደኞቹን ይልክልናል። ልስላሴው መንሸራተት መሆኑ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ሌላው ጉዳይ ከፍታችን ነው። ገበያ ላይ ያሉት ፋይሎች አብዛኞቹ በኢንተርኔት የሚመጡ፣ ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አየር የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ ሁለት ባር አየር ቢፈልግ፣ ጅቡቲ ላይ ቱርቦው የውጭውን አየር እጥፍ ቢያምቀው ይበቃዋል። እዚህ 2.6 እጥፍ ገደማ ማመቅ አለበት። ስለዚህ ቱርቦው ገና ፋይል ሳይነካ ከዐቅሙ ብዙውን ተጠቅሟል። ፋብሪካውም ይህን ያውቃል፤ የውጭ አየር ግፊት የሚለካ ሰንሰር አለ፣ ከፍታ ሲጨምር ኮምፒውተሩ ናፍጣውንና የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል። አንዳንድ ባለሙያ «መኪናህ ታስሮ ነበር፣ ፈታሁልህ» የሚለው ይህንኑ ጥበቃ አጥፍቶ ነው። እንደ ጣርማ በር ባለ ከፍታ ላይ ጥቁር ጭስ ሲለቅ ያየነው መኪና ሁሉ አሮጌ አይደለም።

ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 የሀይሉክስን 2.8 ሊትር ሞተር ከ177 ወደ 204 ፈረስ ጉልበት ሲያሳድገው ፋይል ቀይሮ ብቻ አልተወውም፤ ቱርቦውንና የናፍጣ መርጫውን ክፍልም አሻሽሏል። በላፕቶፕ ብቻ በአንድ ሰዓት እዚያው እናደርስልሃለን የሚለውን ማስታወቂያ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ማርሹ ያንገጫግጨኛል ብሎ ለሚመጣ ሰው እኔ መጀመሪያ የማየው የካምቢዮውን ዘይት ነው። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» ተብሎ ሳይቀየር የቆየ፣ ወይም ከሌላ ዓይነት ጋር የተደባለቀ ዘይት ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ዲፕስቲክ የሌለው ካምቢዮ የዘይቱ ልክ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ በታዘዘው ሙቀት ላይ ሆኖ ነው፤ በቀዝቃዛው ብቻ ተለክቶ የተተወ ልኩ ሊሳሳት ይችላል። ከዚያ የአየር ፊልትሮ፣ የጎማ ንፋስ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ የኢንጀክተሮቹ መመለሻ ይታያል። አንዱ ኢንጀክተር የሚያፈስ ከሆነ ሪማፕ ያንን ጥፋት ከማባባስ በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ከዚህ ፍተሻ በኋላ ግማሹ ደንበኛ ሪማፕ የሚለውን ቃል ረስቶት ይሄዳል፤ ለኪሴ ባይመችም እውነቱ ይኸው ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚወጣውን «በ100 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር» የሚለውን ቁጥርም አትመኑ። መኪናው ያለፈውን ናፍጣ በቆጣሪ አይለካም፤ ኮምፒውተሩ «ልርጭ» ብሎ ካዘዘው መጠን ነው የሚያሰላው። ፋይሉ ኢንጀክተሩ የሚከፈትበትን ጊዜ ሲቀይር ያ ስሌት ሊዛባ ይችላል፤ ስክሪኑ ቁጠባ ሲያሳይ ታንከሩ ቶሎ ይጎድላል። ከሪማፑ በፊትም በኋላም ከአንድ ማደያ አፉ ድረስ ሞልታችሁ፣ ያንኑ መንገድ በዚያው ጭነት ሄዳችሁ፣ ተመልሳችሁ ሙሉና የገባውን ሊትር ለተሄደው ኪሎ ሜትር አካፍሉ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለንም።

ለናፍጣ ቁጠባ ብቻ ብሎ ሪማፕ ማሠራትን አልመክርም። ከባድ የሚጭን፣ ረጅም ዳገት የሚበዛበት፣ ካምቢዮው ጤነኛ የሆነ ሰው ግን ለከፍታችን የተስተካከለ መጠነኛ ፋይል ቢያስጭን ይጠቀማል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የመኪናችሁን የፋብሪካ ፋይል ቅጂ በፍላሽ ተቀበሉ። ባለሙያው ቅጂ የለኝም ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።